«ጾታ፡ ወንድ» የምትለው መስመር

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የጋዜጣችሁ የረጅም ጊዜ አንባቢ ብሆንም ደብዳቤ ስጽፍላችሁ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እንድጽፍ ያስገደደኝ ባለፈው ሳምንት በከተማችን በድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ፣ አንድ የማስታወቂያ ሰሌዳ አጠገብ ያየሁት ነገር ሲሆን፣ ነገሩ ላየው ሰው ትንሽ ቢመስልም እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከልቤ ላወጣው አልቻልኩም።

የድሬ ፀሐይ ሳትበረታ ጉዳዩን መጨረስ የሚፈልግ ሰው በማለዳ ነው የሚወጣው። እኔም ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር በእግሬ መሄድ ልማዴ ሆኗል። በዚያን ዕለት አንዲት ወጣት የትምህርት ማስረጃዎቿን በፕላስቲክ ፋይል ይዛ፣ ሰሌዳው ላይ የተለጠፉትን የሥራ ማስታወቂያዎች አንድ በአንድ እያነበበች የሚሆናትን በስልኳ ፎቶ ታነሳ ነበር። ከማስታወቂያዎቹ አንዱ «የሥራ መደብ፡ ሳይት መሐንዲስ፤ የትምህርት ደረጃ፡ በሲቪል ምህንድስና የመጀመሪያ ዲግሪ፤ የሥራ ልምድ፡ 0 ዓመት፤ ጾታ፡ ወንድ፤ የሥራ ቦታ፡ ድሬዳዋ» ይላል። ልጅቷ መስመሮቹን በጣቷ እየተከተለች አነበበች። «0 ዓመት» የሚለው ላይ ስትደርስ ፊቷ ፈካ አለና ስልኳን ከፍ አደረገች፤ ከሥሩ ያለችው መስመር ላይ ስትደርስ ግን ጣቷ ቆመ። ፎቶውን ሳታነሳ ስልኳን ዝቅ አድርጋ ወደሚቀጥለው ወረቀት አለፈች። አልተናደደችም፤ የሚያውቁት ነገር ሲደጋገም እንደሚታለፈው ነው ያለፈችው። ቀረብ ብዬ «ልጄ፣ ያንን ለምን ተውሽው?» ብላት «አባባ፣ እሱ ለእኛ አይደለም» ብላኝ ሥራዋን ቀጠለች።

እኔ ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። 34 ዓመት በሕንፃ፣ በውሃና በመንገድ ሥራ ላይ ቆይቻለሁ፤ ከዚህ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍኩት ሰው በመቅጠርና በመመደብ ኃላፊነት ላይ ነው። ስለዚህ ያቺን መስመር ሳያት የሌላ ሰው ጽሑፍ ሆና አልታየችኝም። በወረቀት ጽፌያት ባላውቅም በልቤ ይዤያት ለብዙ ዓመታት ሠርቻለሁ። አሁን የምጽፈውም ነገሩ ከውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ስለማውቅ ነው።

ማስታወቂያው ላይ በነበረው ስልክ ደውዬ ምክንያቱን ጠየቅሁ። ያነጋገረኝ ሰው ትሑት ነው፤ «አባቴ፣ ለእነሱ ብለን እኮ ነው» አለኝ። «ፀሐዩ አለ፣ የሠራተኛው አፍ አለ፣ ማታ የሚያስመሽ ሥራ አለ፤ እህቶቻችን እንዳይንገላቱ ብለን ነው።» ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ረጅም ሰዓት ተቀመጥኩ፤ ምክንያቱም እኔ ራሴ ስናገረው የኖርኩትን ቃል በቃል ነበር የመለሰልኝ። በሙያችን ውስጥ «ሴት ምህንድስና አትችልም» ብሎ በግልጽ የሚናገር ሰው ዛሬ ብዙም አይገኝም። በሩ የሚዘጋው በዚህ «ለእሷ ብለን ነው» በሚለው ደግ ቃል ነው። ክፉ ቃል ቢሆን ኖሮ መልስ ይሰጡበታል፤ ለደግነት ግን ምን ተብሎ ይመለሳል?

ይህ ደግነት እውነተኛ ቢሆን ኖሮ ሳይት ላይ ላሉት ሴቶች ሁሉ በደረሰ ነበር። በከተማችን ውስጥ ግንባታ በሚካሄድበት ቦታ ሁሉ ቆም ብላችሁ ተመልከቱ። አሸዋውንና ጠጠሩን በባሬላ ተሸክመው ወደ ላይ የሚያወጡት፣ ውሃ በጀሪካን የሚያመላልሱት፣ ድንጋይ የሚያቀብሉት በአብዛኛው የቀን ሠራተኛ ሴቶች ናቸው። ነጠላቸውን አናታቸው ላይ ጠምጥመው፣ አንዳንዶቹ በክፍት ጫማ፣ አንዳንዶቹ ነፍሰ ጡር ሆነው፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት በዚያው ፀሐይ ሥር ይውላሉ። በ34 ዓመት ውስጥ አንድም የሥራ ኃላፊ ባሬላ የያዘችን ሴት «እህቴ፣ ፀሐይ ይጎዳሻል፣ ግቢና ቢሮ ተቀመጪ» ሲላት ሰምቼ አላውቅም። እኔም ብያት አላውቅም። ፀሐዩ የሚከብዳት፣ መወጣጫው የሚያስፈራት፣ የሠራተኛው አፍ የሚያሳፍራት በእጇ ፕላን ስትይዝ ብቻ መሆኑን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የሰውነት ጉልበት ጉዳይ አይደለም፤ የሚያዝ ማን ነው፣ የሚታዘዝስ ማን ነው የሚለው ነው።

እንዴት እንዳስተዋልኩት ልናገር። ከዓመታት በፊት እዚሁ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ፣ አንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ እንሠራ ነበር። የድርጅቱን ስም መጥቀስ አያስፈልግም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። በአንድ ወር፣ በአንድ ደመወዝ፣ ከአንድ ክፍል የተመረቁ ሁለት ወጣቶች ቀጠርኩ፤ አንዱ ወንድ፣ አንዷ ሴት። በውጤት እሷ ትበልጠው ነበር። እሱን ሳይት፣ እሷን ቢሮ መደብኳቸው። 14 ወር ሙሉ ከፕላን ላይ የፌሮና የአርማታ መጠን ስታወጣ፣ የክፍያ ሰነድ ስታዘጋጅ ተቀመጠች። ሦስት ጊዜ ወደ ሳይት እንድመድባት ጠይቃኛለች፤ ሦስቱንም ጊዜ «ትንሽ ታገሺ» አልኳት። በዚያው 14 ወር ውስጥ ጓደኛዋ መሠረት ሲቆፈር፣ አምድ ሲቆም፣ ሶሌታ (የፎቁ የአርማታ ወለል) ሲሞላ እያየ የመስክ ልምድ ያካብት ነበር። በእኛ ሙያ ደግሞ ይህ ልምድ ወረቀት ላይ ይቆጠራል፤ የጨረታ ሰነድ ሲወጣ ባለሙያው ስንት ዓመት ሳይት ላይ እንደሠራ ይጠየቃል፣ የሙያ ደረጃ ለማሳደግም ማስረጃው ይቀርባል። ቢሮ ያስቀመጥናትን ልጅ ከዓመታት በኋላ «የመስክ ልምድሽ አነስተኛ ነው» ብለን የምንመልሳት እኛው ነን።

ግንቦት ወር ላይ፣ የሁለተኛው ፎቅ ሶሌታ በሚሞላበት ቀን ዋዜማ፣ የሳይት መሐንዲሱ የቅርብ ዘመድ አርፎበት ወደ አገሩ ሄደ። ሌላ ሰው አልነበረኝምና ሳልወድ እሷን ላክኋት። ፎርማኑ ብዙ ዘመን የሠራ፣ እኔም የማከብረው ሰው ነው። እንዳያት «እናትዬ፣ ፀሐይ ይመታሻል፤ እዚያ ጥላ ሥር ቁጭ በይ፣ እኛ እንጨርሰዋለን» አላት።

የድሬዳዋን ሙቀት ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። ፀሐይ ሲበረታ አርማታው ከሚክሰሩ ወጥቶ ሶሌታው ላይ እስኪደርስ መጠጠር ይጀምራል። ሠራተኛው በአካፋ ለመዘርጋት እንዲመቸው ብሎ ውሃ ይጨምርበታል። ከልክ በላይ የተጨመረው ውሃ አርማታውን ለጊዜው ያላላዋል፤ በኋላ ግን ውሃው ሲተን ቦታው ክፍት ቀዳዳ ሆኖ ይቀርና የአርማታው ጥንካሬ ይቀንሳል። ከላይ ሲታይ ምንም አይታወቅም፤ ልስን ይለሰናል፣ ቀለም ይቀባል፣ ሰው ይገባበታል። ይህንን የማያውቅ መሐንዲስ የለም። ነገር ግን ሰዓቱ ሲያጣድፍ፣ የሲሚንቶው ዋጋ ሲታሰብ፣ አይቶ እንዳላየ የሚያልፈው ብዙ ነው። እኔም አልፌያለሁ።

ልጅቷ ጥላ ሥር አልተቀመጠችም። ሙሌቱ ገና እንደተጀመረ ከሚክሰሩ አጠገብ የቆመ ሠራተኛ በጀሪካን ውሃ ሲጨምር አየችና የስላምፕ መለኪያውን አስመጣች። ይህ መለኪያ አርማታው ምን ያህል እንደቀጠነ የሚታይበት፣ 30 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው፣ ላይና ታቹ ክፍት የሆነ ሾጣጣ ቆርቆሮ ነው። አርማታውን በሦስት ደረጃ ሞላችበት፤ እያንዳንዱን ደረጃ በብረት ዘንግ 25 ጊዜ እየቆጠረች ወጋችው፤ አፉን ልካ ሾጣጣውን ቀስ ብላ ወደ ላይ አነሳችው። በቅርጹ ሊቆም የሚገባው አርማታ እንደ አጥሚት ተዘርግቶ ፈሰሰ። ሥራው እንዲቆም፣ ሶሌታው ላይ የወጣውም ጥቂት አርማታ በአካፋ ተጠርጎ እንዲወርድ አዘዘች።

ፎርማኑ ወዲያው ደወለልኝ። «ልጅቷ ሥራ አቆመችብን» አለኝ። ስልኩን እንዲሰጣት አድርጌ «አንቺ ልጅ፣ ሥራው ዛሬ ቢቆም ኪሳራው ስንት እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አልኳት። «አውቃለሁ ኢንጂነር፤ ሒሳቡን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ 14 ወር ሙሉ ያስቀመጥኳት እሱኑ እንድትሠራ ነው። ድምጿን ሳታነሳ ቀጠለች፦ «ይቀጥል ካሉኝ፣ ውሃ እንዲጨመር እርስዎ መፍቀድዎን በሥራ መዝገቡ ላይ እጽፈዋለሁ፤ ነገ ይፈርሙልኛል።» ዝም አልኩ። ያ ዝምታ ስንት ሴኮንድ እንደሆነ አላውቅም፤ እስከ ዛሬ ግን ይሰማኛል። በመጨረሻ «ይቁም» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያደረገችው ነገር በመጽሐፍ ተጽፎ የሚገኝ፣ እኛ ግን ጊዜ የለንም እያልን የምንተወው ነው። ጠጠሩን በሸራ አስጠልላ ውሃ እያስረጨች አቀዘቀዘችው፤ የውሃ በርሜሎቹን በእርጥብ ጆንያ አስጠቀለለች፤ ሙሌቱን ከምሽቱ 2 ሰዓት አስጀምራ፣ ሌሊቱን ሙሉ ከሠራተኞቹ ጋር ቆማ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ አስጨረሰች። በቀጣዮቹ ቀናት ሶሌታው በጆንያ ተሸፍኖ እንዳይደርቅ ውሃ እያስጠጣች ተከታተለች። ከዚያ ሌሊት የተወሰዱት ናሙናዎች በ28ኛው ቀን ሲጨመቁ ከሚፈለገው ጥንካሬ በላይ ሆነው ተገኙ። የሦስተኛው ፎቅ ሶሌታ የሚሞላበት ቀን ሲደርስ ያ ፎርማን ቢሮዬ ድረስ መጥቶ «ኢንጂነሯ የለችም እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። «እናትዬ» ያላት ሰው ነው «ኢንጂነሯ» ያለው። «ሠራተኛው ለሴት አይታዘዝም» ለሚሉኝ ሁሉ የምሰጠው መልስ ይኸው ነው። ሠራተኛ ሥራውን ለሚያውቅ ሰው ይታዘዛል፤ ችግሩ ማወቋን የምታሳይበትን ቦታ መከልከላችን ነው። ደግሞም በዚህች ከተማ ውስጥ ወንድ ለሴት አይታዘዝም ብሎ መናገር ቀፊራ ገበያ ገብቶ ከማያውቅ ሰው ብቻ የሚጠበቅ ነው። ጭነት የሚያስወርዱ፣ ዋጋ የሚቆርጡ፣ ደላላውንና ተሸካሚውን በአንድ ቃል የሚያሰማሩ እናቶች የሞሉባት ከተማ ናት።

ያቺ ልጅ ዛሬ በሌላ ክልል ትልልቅ ግንባታዎችን በተጠሪ መሐንዲስነት ትቆጣጠራለች። ስለ እሷ ደስ ይለኛል፤ ሆኖም ታሪኳን ለራሴ መጽናኛ እንዳላደርገው እጠነቀቃለሁ። ዕድሉን ያገኘችው ሰው ስለሞተ ነው። ያ ለቅሶ ባይኖር ኖሮ ስንት ወር ትቀመጥ እንደነበር አላውቅም፤ ከእሷ በፊት ቢሮ ያስቀመጥኳቸውና ሙያውን ትተው የሄዱት ልጆች ግን ይታወሱኛል።

ሳይት ላይ ከወጣች በኋላም ነገሩ ቀላል እንዳልነበር በኋላ ነግራኛለች። በግምጃ ቤታችን የነበረው ሴፍቲ ጫማ ከ40 ቁጥር የሚጀምር ነበር፤ የእሷ እግር 37 ነው። ሁለት ካልሲ ደርባ፣ ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቃ ነበር መወጣጫውን የምትወጣው። ለደህንነት ብለን የሰጠናት ጫማ እሷን ሊጥላት የሚችል ነበር ማለት ነው። በሳይቱ ላይ ለሴት የተለየ መጸዳጃ አልነበረም፤ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳትጠጣ እየዋለች፣ ሲብስባት ጎረቤት ቤት እየለመነች ትገባ ነበር። በድሬዳዋ ሙቀት ውሃ ሳይጠጡ መዋል ምን ማለት እንደሆነ የዚህ አገር ሰው ያውቀዋል። ባሬላ የሚሸከሙት ሴቶችም እንዲሁ ነበሩ፤ እነሱን ስለዚህ ጉዳይ ጠይቄያቸው አላውቅም። አንድ በር ያለው መጸዳጃ ከቆርቆሮ ለማቆም የሚያስፈልገው የአንድ ቀን ሥራ ነው። «ሳይት ለሴት አይመችም» ስንል የምንናገረው እኛው ራሳችን እንዳይመች ስላደረግነው ቦታ ነው። ትንኮሳም አለ፤ ይህንን መሸፋፈን አይገባም። ነገር ግን የሚተነኩሳትን ሰው ከሳይት ማስወጣት ሲገባ እሷን ማስወጣት የተገላቢጦሽ ፍርድ ነው።

አሠሪዎች በግል ሲያወሩ የሚያነሱት ሌላው ሥጋት የወሊድ ፈቃድ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት፣ በድምሩ 120 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ብዙ ፕሮጀክት ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ አራት ወር መተካካት የማይችል ኃላፊ ችግሩ የአስተዳደር እንጂ የሴቲቱ ማህፀን አይደለም። ፈቃዷን ደግሞ ከወራት በፊት እናውቀዋለን፤ በድንገት ለሚታመም፣ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ በሳምንት ማስጠንቀቂያ ለሚለቅ ወንድ ምትክ ስንፈልግ ኖረን የለም ወይ? ይኸው አዋጅ በአንቀጽ 87 ሴቶች በቅጥርም ሆነ በክፍያ በጾታቸው ምክንያት መድልዎ እንዳይደረግባቸው ይደነግጋል፤ ከወንድ ጋር እኩል ውጤት ካገኙም ቅድሚያ እንዲሰጣቸው ያዛል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ከዚያም በፊት ይህንኑ መብት አስቀምጧል። ስለዚህ ከዚራ ላይ ያየኋት መስመር ከደግነትም ከክፋትም ይልቅ በግልጽ ቋንቋ ሕግ መጣስ ናት፤ ግን በአደባባይ፣ ማኅተም ተደርጎባት፣ ማንም ሳይከለክላት ተለጥፋለች።

ይህን ስናገር «አሁንማ ሴቶቹ የት ደርሰው!» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እውነት ነው። በሙያቸው ሲቪል መሐንዲስ የሆኑት ኢንጂነር አይሻ መሐመድ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. የአገራችን የመጀመሪያዋ ሴት የመከላከያ ሚኒስትር ሆነዋል። በኅዳር 2008 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአብራሪ እስከ ቴክኒሻን ሴቶች ብቻ የመሩትን በረራ ወደ ባንኮክ ሲልክ እኔም በኩራት ተመልክቻለሁ። ነገር ግን የእነዚህን ስም የምንጠራው ብዙ ጊዜ ለሌሎቹ መልስ እንዲሆንልን ነው። አንዲት መሐንዲስ ሚኒስትር መሆኗ የከዚራዋን ተመራቂ ማመልከቻ አያስገባላትም።

ዲግሪ መስጠትና ሥራ መስጠት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው በሌላውም ዓለም የታየ ነው። አሜሪካዊቷ ኤዲት ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1919 ኤም አይ ቲ ከሚባለው ዝነኛ ተቋም በኤሌክትሪክ ምህንድስና ሁለተኛ ዲግሪ የተቀበለች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። በዚያ ዲግሪ በመሐንዲስነት የሚቀጥራት አጣች፤ ጄኔራል ኤሌክትሪክ የሰጣት ሥራ ለመሐንዲሶቹ ስሌት የሚሠሩ ሰዎችን መቆጣጠር ነበር። ረጃጅም የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ መስመሮችን ሒሳብ የሚያቀልል መሣሪያ ፈልስፋ እንኳ መደቧ አልተለወጠም። በ1921 ተስፋ ቆርጣ ወደ ቁስጥንጥንያ ሄዳ ፊዚክስ አስተማረች፤ በመሐንዲስነት የቀጠሯት በ1922 ስትመለስ ነው። ታሪኳን ሳነብ የሳቢያኗ ልጅ ትዝ አለችኝ፤ ሁለቱንም ለሌሎች ሒሳብ እንዲሠሩ አስቀመጥናቸው። ዛሬ በድሬዳዋ ዳር አልፎ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ባቡር የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው፤ ኃይሉ ከሩቅ እስኪደርሰው ድረስ የሚያልፍበት መስመር ስሌት እንዲህ ያለችው ሴት ከደከመችባቸው ችግሮች የሚመደብ ነው።

ባቡርን ካነሳሁ አይቀር፣ ከተማችን ራሷ የመሐንዲሶች ውሳኔ ልጅ ናት። ሐዲዱ ወደ ሐረር የሚያወጣውን ተራራ መውጣት ስላልቻለ በሥሩ እንዲያልፍ ተወሰነ፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚህ ሲደርስ ድሬዳዋ ከተማ ሆነች። አባቴ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ሠራተኛ ነበር። በዚያ ዘመን ሙያ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ይተላለፍ ነበር፤ የብዙ ጓደኞቼ ቤትም እንዲሁ ነው። ታላቅ እህቴ ግን ከእኔ ይልቅ እጀ ብልህ ነበረች። የቤታችን ፕሪመስ ሲደፈን ፈታትታ፣ አፉን በመርፌ ጠርጋ፣ መልሳ ስትገጥመው እሳቱ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣ ነበር። አባቴ አንድ ቀን የሠራችውን አይቶ ፈገግ አለና ቁልፉን ከእጇ ተቀብሎ ለእኔ ሰጠኝ፤ «አንቺ እጅሽ ይበላሻል» አላት። አባቴ ልጁን የሚወድ ሰው ነበር። እሱም ለእሷ ብሎ ነው። መሐንዲስ የሆንኩት እኔ ነኝ።

አሁን የምለምነው ነገር ትልቅ በጀት የሚጠይቅ አይደለም። ከድሬዳዋና ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች የሚወጡት ሴት የምህንድስና ተማሪዎች ለወራት የሚቆይ የተግባር ልምምድ እንዲያደርጉ ወደ ድርጅቶች ይላካሉ። ድርጅቶቹ ግን ወንዶቹን ሳይት ሲያወጡ ሴቶቹን ወረቀት ሲያስተይቡ ይከርማሉ፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ዩኒቨርሲቲዎቹ ተማሪዋ የት ቢሮ እንደዋለች ሳይሆን ስንት ሙሌት ላይ እንደቆመች፣ ስንት የፌሮ ሥራ እንደተረከበች የሚያሳይ መዝገብ ቢጠይቁ፣ ድርጅቱ ሳይወድ በግዱ ያወጣታል። «በሴትነቷ ነጥብ ተቀንሶላት የገባች» የሚለውም ስድብ በዚሁ ይደርቃል፤ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ላይ የሚደረገው ድጋፍ በር የሚያሳልፍ እንጂ የአምድ ሒሳብ የሚሠራላት አይደለም፤ ከገባች በኋላ የምትፈተነው ከወንዶቹ ጋር በአንድ ወረቀት ነው። አሠሪዎችም ቢያንስ በሥራ የመጀመሪያ ዓመት ሴቱንም ወንዱንም እኩል ወራት ሳይት ላይ ይመድቡ፤ ጫማውን በልኳ ይግዙ፤ መጸዳጃውን ያቁሙ። የከተማው የሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪዎች ደግሞ በሳምንት አንድ ጠዋት ከዚራ ወጥተው ሰሌዳውን ቢያነቡ መልካም ነው፤ ከእነሱ በላይ አዋጁን የሚያውቅ የለም።

ለእናንተም አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ይህን ደብዳቤ ለሌላ ሳይሆን ለእናንተ የጻፍኩትም በዚህ ምክንያት ነው። ጋዜጣችሁ የሥራ ማስታወቂያ ያትማል፤ እኔም ደብዳቤውን ከመጀመሬ በፊት ቤቴ ያሉትን ያለፉት ሳምንታት ዕትሞች አገላብጬ ነበር። «ጾታ፡ ወንድ» የሚል መስመር አገኘሁ፤ አንድ ቦታ ብቻም አይደለም። ከእንግዲህ ይህች መስመር ያለችበትን ማስታወቂያ አስነጋሪው እስኪያስተካክለው ድረስ እንዳትቀበሉ እጠይቃለሁ። የማስታወቂያ ገቢ ለጋዜጣ ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ አይጠፋኝም፤ ሥራ ማቆም ምን ያህል ኪሳራ እንደሚያስከትልም ያን ቀን በስልክ ስከራከር አውቅ ነበር።

ያቺ የከዚራ ልጅ፣ ወይም እንደ እሷ ያለች ሌላ ተመራቂ፣ ይህን ካነበበች፣ እኔ በማለዳ እዚያው ነኝ። በከተማው ውስጥ ሥራ የሚመሩ፣ በእጄ ያደጉ መሐንዲሶች አሉ፤ ከሦስቱ ጋር ተነጋግሬ ሴት መሐንዲስ ሳይት ላይ ለመመደብ ቃል ገብተውልኛል። አድራሻዬን ለሚጠይቅ ብትሰጡ ፈቃዴ ነው። ፋይሏን ይዛ ትምጣ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ ሲቪል መሐንዲስ
ድሬዳዋ
(ስሜና አድራሻዬ በዝግጅት ክፍሉ ይገኛል)